ያልተከደነ ምጣድ

ኅዳር ከገባ ሳምንት ሳይሞላው ግቢያችን ያለው የመዋኛ ገንዳ ውሃ መጉደል ጀመረ። ሰማያዊው ሴራሚክ ላይ በእርሳስ ያሰመርኳት ምልክት ነበረች። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሳይ ውሃው ከመስመሯ ሦስት ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲሉት ትንሽ ነው። ገንዳው ግን ስምንት ሜትር በአራት ሜትር ስለሆነ ተባዝቶ ወደ ሊትር ሲቀየር 960 ይመጣል፤ ጓሮ ማማው ላይ የተቀመጠው ሮቶ አፉ ድረስ ሲሞላ የሚይዘውን ያህል ነው። አንድ ሮቶ ውሃ በአምስት ቀን ውስጥ ከግቢያችን ወጥቶ ሄዷል። በየት በኩል እንደወጣ ያየ ሰው ግን የለም።

ገንዳውን እኛ አላሠራነውም። አባቴ ቤቱን ሲገዛ አብሮ የመጣ ነው፤ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ግን ውሃ ይዞ አይቼው አላውቅም። አሮጌ ቆርቆሮ፣ የተረፈ ብሎኬት፣ የተሰበረ አልጋ ሲጣልበት የኖረ ጉድጓድ ነው። ኡራኤል አካባቢ፣ መሐል አዲስ አበባ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ገንዳ ለመሙላት ማሰቡ ራሱ ያሳፍር ነበር። ሐሳባችንን ያስቀየረው የእናቴ ጉልበት ነው። ሁለቱም ጉልበቶቿ አብጠው ከአልጋዋ በረንዳው ድረስ ለመምጣት ግድግዳ መደገፍ ስትጀምር፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ደረቷ ድረስ በሚደርስ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እንድትራመድ መከራት። ውሃው ክብደቷን ይሸከምላታል፣ መገጣጠሚያው ሳይጨነቅ ጡንቻው ይሠራል አለን። ፍልውሃ እንወስዳት ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ቦታ ስለሆነ ገና ስንነሳ ፊቷ ይበራል። ነገር ግን መኪና ውስጥ መግባትና መውጣቱ፣ መንገድ ላይ ጉልበት አጥፎ መቀመጡ እዚያ ያገኘችውን እፎይታ መልሶ ይወስድባታል።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት ጉድጓዱን ጠረግነው፣ አስለሰንነው፣ ከጣራው አሸንዳ ቱቦ ዘርግተን በዝናብ ሞላነው። በዚህ በኩል ኅሊናዬ ንጹሕ ነበር። ጣራችን 150 ካሬ ገደማ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ይሆናል፤ 38,000 ሊትር ገደማ የሚይዘውን ገንዳችንን ለመሙላት 260 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ተደምሮ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። «ከቧንቧ አንዲት ጠብታ አልወሰድንም» እያልኩ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገር ነበር። የሦስት ሴንቲ ሜትሩ ጉድለት እንቅልፍ የነሳኝ ለዚህ ነው። በበጋ ጣራው ደረቅ ነው። የጎደለው የሚሞላው ከቧንቧ ብቻ ነው።

ባልዲው

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስንጥቅ ነው። ግንበኛ ጠራሁ። በመዶሻው እጀታ ሴራሚኩን እያንኳኳ ዞረና «እዚህ ጋ ባዶ ድምፅ አለው» ብሎ ሁለት መደዳ አስነሳኝ። ከሥሩ የወጣው ደረቅ አቧራ ነበር። ሌላ ቦታ እንሞክር እያለኝ ሳለ ለሮቶው ተንሳፋፊ ሊቀይሩ የመጡ የሰፈራችን ቧንቧ ሠራተኛ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው፣ ቆመው አዩንና «ልጄ፣ ከማፍረስህ በፊት ባልዲ አስቀምጥ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልዲውን በራሱ በገንዳው ውሃ ትሞላና ገንዳው ደረጃ ላይ፣ ውሃ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፤ አፉ ብቻ ከላይ ይወጣል። የባልዲው ውስጥ ውሃና የገንዳው ውሃ እኩል እንዲሆኑ ታደርግና ሁለቱንም ቦታ ምልክት ታደርጋለህ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሰህ ታያለህ። ገንዳው ከባልዲው የበለጠ ከጎደለ ግድግዳው ያፈሳል። እኩል ከጎደሉ ግን ባልዲ አይሰነጠቅምና ውሃው የሚሄደው በላይ በኩል ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማስመሪያ ይዤ ወረድኩ። ባልዲው ስድስት ሚሊ ሜትር። ገንዳው ስድስት ሚሊ ሜትር። አላመንኩም፤ ሌላ ቀን ጨመርኩ። ያው ስድስት። ለቧንቧ ሠራተኛው ደውዬ ስነግራቸው «ግድግዳህ ደህና ነው። ውሃህን የሚወስድብህ ሰማይ ነው» አሉኝና ስልኩን ዘጉ።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚለው አነጋገር ሁልጊዜ ወንዝ ነበር የሚያሳስበኝ። እዚህ የተወሰደው ግን ውሃው ራሱ ነው፤ ያሳሳቀን ደግሞ ፀሐይ። የኅዳር ሰማይ ጥርት ብሎ ፀሐይዋ ገንዳው ላይ ስትጫወት ስናይ «ዛሬስ ይሞቃል» እያልን ደስ ይለን ነበር። ቴርሞሜትሩ የሚለው ሌላ ነው። ጠዋት 17 ዲግሪ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ 19። በዚያ ውሃ የታመመ ጉልበት አይገባም። እናቴ አንድ ጊዜ እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ አስገብታ ወዲያው አወጣችው። ምንም አላለችም፤ ፎጣውን ብቻ ጠየቀችኝ።

ምጣድ ሳይከደን

ከባልዲው ሦስትና አራት ቀን በኋላ ይመስለኛል፣ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ከኡራኤል የቅዳሴው ድምፅ ይመጣል። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ከገንዳው ላይ ጭስ የመሰለ ነገር ይነሳል፤ ቀጭን፣ ነጭ፣ ውሃው ላይ ትንሽ ተንከባሎ ከአጥሩ በላይ ሲደርስ የሚጠፋ። ሌሊቱ ብርቱ ቁር ነበር፣ አየሩ ከውሃው ይልቅ ቀዝቅዟል። ለእህቴ ፎቶ ልልክላት ስልኬን አወጣሁና «እማዬ፣ እዪው እንዴት እንደሚያምር» አልኳት።

«ያምራል» አለች። ትንሽ ቆየችና «አንተ ግን ምጣድ ሳይከደን እንጀራ ሲጋገር አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ዝም ስላት ቀጠለች። ሊጡን ዙሪያውን ታፈሳለህ፣ ዓይን እስኪያወጣ ትጠብቃለህ፣ ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎውን ትደፋበታለህ። እንጀራ ከታች በእሳት ነው የሚበስለው፣ ከላይ ግን የሚያበስለው የገዛ ራሱ እንፋሎት ነው። «ሳትከድን ብትተወው እሳቱንም ትጨርሳለህ፣ እንጀራውም ይደርቃል። ሙቀቱ እኮ ከእንፋሎቱ ጋር ነው የሚሄደው። ይኸው እየሄደ አይደል?» ብላ በአገጯ ወደ ገንዳው አመለከተችኝ።

ስለ ማሞቂያ ሳነብ ሰንብቻለሁ፤ ስለ ቧንቧ፣ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ጣራ ላይ ስለሚሰቀል ሶላር። ማሞቅ ነበር ሥራዬ የመሰለኝ። እናቴ የተናገረችውን ከያዝኩ በኋላ ግን ሂሳቡ ሁሉ ከሌላ በኩል ተከፈተልኝ። አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ሙቀት 580 ሊትር ያህል ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሸክላው ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። የእኛ ገንዳ በቀን ስድስት ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 190 ሊትር ገደማ ያልበዋል። ይህ ላብ የሚወስደው ሙቀት መላውን ገንዳ በሦስት ዲግሪ ሊያሞቅ ይችል የነበረ ነው። በየቀኑ። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የምትሰጠንን የሚበላው ዋናው አፍ ይሄ ነበር።

አዲስ አበባ ደግሞ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነን። በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ደረቅ አየር ውሃ ይጠማዋል። ሌሊት ደመና የለም፤ ደመና ሲኖር እንደ ብርድ ልብስ የሚመልሰው ሙቀት ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ሽቅብ ይበተናል። ከታኅሣሥ ፀሐይ ወጥቶ ጥላ ሥር የገባ ሰው ወዲያው የሚበርደው፣ ማታ ሁላችንም ጃኬት ፍለጋ የምንሮጠው በዚያው ምክንያት ነው።

ኤሌክትሪክ ማሞቂያውንም አስልቼው ነበር። ገንዳውን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ባለ3.5 ኪሎ ዋት የእንጀራ ምጣድ ሳይጠፋ 13 ሰዓት ያህል ቢጣድ ማለት ነው። ለአንድ ዲግሪ! ያም ተገዝቶ ሌሊቱን ተንኖ ያድራል። ይህን ወረቀት ለእናቴ ሳነብላት አልገረማትም። «ነገርኩህ እኮ» አለችኝ።

አሥር ጀሪካን

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሙቀት ጉዳይ ነበር። የሆነውን ሁሉ የቀየረብኝ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው።

በዚያ ሳምንት ፈረቃችን ዘሎን ነበር። ሰኞ ሌሊት ይመጣል የተባለው ውሃ አልመጣም። እኛ የመሬት ታንከርና ፓምፕ ስላለን ብዙ አልተሰማንም። አሥር ሰዓት ላይ ጎማውን ከቧንቧው ቀጥዬ ገንዳው የጎደለውን እየሞላሁ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ዘበኛችን ሲከፍት የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ከጉልበቱ በላይ የሚደርስ ቢጫ ጀሪካን ይዟል። «እማዬ አንድ ጀሪካን ውሃ ቢሰጡን ብላለች» አለ። በቃሉ አጥንቶት የመጣ ነገር ነበር።

ልጁ እኔን አላየኝም። ያየው እጄ ላይ ያለውን ጎማ ነው፤ ከዚያ ጎማው የሚያፈስበትን ገንዳ። ጎማውን ከገንዳው አንስቼ ጀሪካኑ አፍ ውስጥ ከተትኩት። ሃያ ሊትር ለመሙላት የሚፈጀው ጊዜ ረጅም መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ውሃው ጀሪካኑ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ድምፁን እየቀየረ ሲወጣ ሁለታችንም ጎን ለጎን ቆመን እንሰማለን።

«ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ይጠጣል?» አለኝ ገንዳውን እያየ።

«አይጠጣም።»

«ታዲያ ለምን ይጨምሩበታል?»

«ስለሚጎድል።»

«የት ይሄዳል?»

በጣቴ ወደ ላይ አሳየሁት። ቀና ብሎ አየ። ምንም ያልነበረበት ሰማያዊ ሰማይ ነው። እንደገና ገንዳውን አየ፣ እንደገና ሰማዩን። ያመነኝ አይመስለኝም። እኔም በልጁ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። ጀሪካኑን ተሸክሜ ቤታቸው አደረስኩለት። እናቱ በሩ ላይ ቆማ «እግዜር ይስጥልን፣ አስቸገርንዎት» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ያስቸገርኩት እኔ ነበርኩ።

ማታ ተቀምጬ ያንኑ 190 ሊትር በጀሪካን ቆጠርኩት። ወደ አሥር ጀሪካን ነው። በየቀኑ አሥር ቢጫ ጀሪካን ከግቢያችን ተሰልፎ ወደ ሰማይ ይወጣ ነበር፤ እኔም በየሳምንቱ ተሰልፎ የወጣውን ከሰፈሩ መስመር እየቀዳሁ እተካ ነበር። «ከቧንቧ አንዲት ጠብታ አልወሰድንም» ያልኩት ውሸት ነበር። የሞላሁት በዝናብ ቢሆንም ያቆየሁት በጎረቤቶቼ ውሃ ነው። ይህን ያህል ቀላል ሂሳብ ሁለት ወር ሙሉ እንዴት ሳልሠራው ቀረሁ ብዬ ብዙ ራሴን ጠይቄያለሁ። መልሱ አሁንም ደስ አይለኝም፤ ውሃው ሲሄድ አይታይም ነበር፣ ሳይታይ የሚሄድን ነገር ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም።

ለእናቴ ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ድፈኑት» አለች። «የእኔ ጉልበት ከሰው ልጅ ጥም አይበልጥም። አፈር ሙሉበትና ጎመን ይተከልበት።» የእህቴም ባል በስልክ ይህንኑ ነው ያለው። ለመድፈን የቀረኝ አፈር የሚያመጣ መኪና መጥራት ብቻ ነበር።

ልደፍነው ያልፈለግሁት ለገንዳው ብዬ አይደለም። ግድግዳ ተደግፋ ስትሄድ የማያት እናቴ ናት። ያ ጠዋት በረንዳው ላይ የተናገረችውን ደግሞ መርሳት አልቻልኩም። ሙቀቱ የሚሄደው ከእንፋሎቱ ጋር ከሆነ ሙቀቱንና ውሃውን የሚያስቀረው ነገር አንድ ነው። ሁለት መፍትሔ መፈለግ የለብኝም። አክንባሎ ነው የጎደለን።

ላስቲኩ

ለገንዳ የሚሆን ሶላር ሽፋን የሚሉት ነገር እቃ የሚጠቀለልበትን ባለአረፋ ላስቲክ ይመስላል፤ ወፍራምና ጠንካራ ነው እንጂ ሥራው ያው ነው። የእኛ 400 ማይክሮን ነው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ዱባይ የምትኖረው እህቴ ለገና ስትመጣ በልኩ አስቆርጣ ይዛው መጣች። ሻጩ ጥቁሩን ሊሰጣት ፈልጎ ነበር፣ ጥቁር ሙቀት ይስባል በሚል። እሷ ግን ብርሃን የሚያሳልፈውን ውሃ ሰማያዊ መረጠች፤ ትክክል ነበረች። ጥቁሩ ፀሐይዋን ላስቲኩ ላይ ያስቀራታል፣ ብርሃን አሳላፊው ግን ወደ ውሃው ያስገባትና መውጫዋን ይዘጋባታል።

ታኅሣሥ 28 ቀን፣ የገና ዋዜማ፣ ሁሉም ሰው ዶሮ ሲገነጥል እኛ ገንዳው ላይ ላስቲክ እንዘረጋ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አረፋውን ወደ ላይ አድርገን ዘረጋነው፣ ለስላሳው ገጽ ውሃው ላይ አረፈ። አራት ቀን ሙሉ በአረፋዎቹ መሐል አቧራና የጽድ ቅጠል ተጠራቀመ፣ ቴርሞሜትሩም የጠበቅነውን ያህል አልተነሳም። አረፋው ወደ ታች፣ ውሃው ላይ ነው መተኛት ያለበት። በአረፋዎቹ ውስጥ የታሰረው አየር ነው በውሃውና በሌሊቱ ብርድ መካከል የሚቆመው። አጥበን ገለበጥነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የደብተሬ ገጽ ለእኔ ውድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት 17። በሦስተኛው 19። በስድስተኛው 21 ተኩል። በአሥረኛው ጠዋት 23 ዲግሪ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከ25 በላይ። መብራት አልተቆጠረም፣ ነዳጅ አልተቃጠለም። ያችው የድሮዋ ፀሐይ ናት።

አንድ ነገር ላይ ከዘበኛችን ጋር ተከራክረናል። እሱ «ቀን ይገለጥ፣ ፀሐይ በቀጥታ ይምታው፣ ማታ ይከደን» ይል ነበር። ለሰሚው ልክ ይመስላል። ስለዚህ ሞከርነው። ሁለት ጥርት ያሉ ቀናት ገልጠን ዋልን፤ ከጠዋት እስከ ከሰዓት የጨመረው አንድ ዲግሪ ተኩል ነው። ሁለት ቀን ከድነን ዋልን፤ ሁለት ተኩል። ላስቲኩ ከብርሃኑ ትንሽ ያስቀራል፣ እውነት ነው። በቀን በነፋስና በፀሐይ የሚተነው ግን ከዚያ ይበልጣል። አሁን የሚገለጠው ሰው ሲገባበት ብቻ ነው። ክሎሪን በብዛት የተጨመረበት ቀን ግን ለጥቂት ሰዓት ክፍት እንተወዋለን፤ ከላስቲኩ ሥር የታፈነ ብርቱ ክሎሪን አረፋውን ያሳሳዋል። በሌላው ቀን የክሎሪኑም ወጪ ቀንሶልናል።

የሚያሳዝነኝ ጥፋትም ሠርቻለሁ። አንድ እሑድ ጠቅልለን ሣር ላይ አስቀመጥነውና እንግዳ መጣ፣ ረሳነው። ውሃ ላይ ሲሆን ውሃው ያቀዘቅዘዋል፤ ተጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ግን ሙቀቱ መሐሉ ላይ ይጠራቀማል። ስንዘረጋው ከመሐል አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ አረፋው ተጣብቆ ጠፍቷል። አሁን የምንጠቀልለው በባለአራት ኢንች የፒቪሲ ቱቦ ላይ ነው፤ እንደተጠቀለለ ነጭ አቡጀዲ ይለብሳል። ለአሥር ደቂቃም ቢሆን።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን የሚያነብ፣ ገንዳ ያለው ሰው እንዲሰማኝ እለምናለሁ። ሚያዝያ ላይ የጎረቤት ድመት በአጥር ዘላ ላስቲኩ ላይ አረፈች። ከሩቅ ሲያዩት ወለል ይመስላል። ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ላስቲኩ ከሥሯ ሰመጠ፣ ጠርዙ ተጣጥፎ ሸፈናት። ዘበኛችን በመጥረጊያ እንጨት ባያወጣት ኖሮ ላስቲኩ ሥር ነበር የምትቀረው። ድመቷ ስትንዘፈዘፍ እያየሁ የማስበው ያን ባለጀሪካን ልጅ ነበር። ይህ ሽፋን ሰው አይሸከምም፤ የሚወድቅበትንም ይደብቃል። በዚያው ሳምንት በገንዳው ዙሪያ የደረት ቁመት ያለው የብረት አጥር አሠራን፣ በሩም ይቆለፋል። እናቴ ስትገባ ደግሞ ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይነሳል፣ ግማሹን ትቶ መግባት የለም።

ጥር 23

የኡራኤል ንግሥ ማግስት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ 25 ዲግሪ አሳየ። የፍልውሃ ያህል እንደማይሆን አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። የብረቱን መደገፊያ ይዛ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ፣ በቀኝ እግሯ ወረደች። ውሃው ወገቧ ላይ ሲደርስ ቆመች። ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ እጇን ከብረቱ ለቀቀች።

ግድግዳ ሳትይዝ ስትቆም ካየኋት ስምንት ወር አልፎ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ሄዳ ተመለሰች፤ እየቆጠረች ነው የምትሄደው፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ እህቴ ጋቢውን ይዛ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት፣ ትኩስ ሻይ ተሰጣት። አሁን በሳምንት አራት ቀን ትገባለች። ጉልበቷ ድኗል አልልም። ከአልጋዋ በረንዳው ድረስ ግን ግድግዳ ሳትነካ ትመጣለች።

የእርሳስ ምልክቷ አሁንም አለች። ከድነን ስንውል በአምስት ቀን የሚጎድለው ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ያም የሚወጣው ስንገልጠው ነው። በፊት በአምስት ቀን ወደ ሃምሳ ጀሪካን የነበረው አምስት ሆኗል። ፈረቃ ሲዘል ከታንከራችን ጎማ በበሩ ሥር አውጥተን ደጅ ላይ እናስቀምጣለን፤ ዘበኛችን ማን እንደቀዳ አይጠይቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁ ጀሪካኑን ይዞ መጣና በአዲሱ አጥር በኩል ወደ ውስጥ ያያል። እጁን ይዤ አስገባሁት። ጠርዙ ላይ ቁጢጥ አልንና የላስቲኩን ጫፍ በትንሹ አነሳሁለት። ከሥሩ አረፋዎቹ መሐል የውሃ ጠብታ ሞልቷል፤ አክንባሎ ሲነሳ ሥሩ ላይ እንደሚታየው። ላስቲኩን ነቅነቅ ሳደርገው ጠብታዎቹ እየተያያዙ ተመልሰው ገንዳው ውስጥ ወደቁ።

ልጁ አንዷን ጠብታ በጣቱ ነካትና «ጋሼ፣ ሊሄድ የነበረው ይሄ ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ይሄ ነው» አልኩት።

ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጀሪካኑን አነሳ።